የላይኛው መደርደሪያ አይጦች

ቅዳሜ ጠዋት፣ መጋቢት 9
ከእንስሳት ክፍሉ ቢሮ

ለተከበርከው ባለቤቴ፣

«ባለቤቴ» ያልኩህ የጋብቻ ወረቀታችን እስካሁን እንደዚያ ስለሚል ነው፤ ሌላ ትርጉም እንዳትሰጠው። እንዴት ከርመሃል ብዬም አልጠይቅህም፤ ደህና መክረምህን ፎቶህ ነግሮኛል። ነጭ ጋዋን ለብሰህ፣ እጅህን ደረትህ ላይ አጣምረህ፣ ከኋላህ ያ ሁሉ የሚያብረቀርቅ መሣሪያ ተደርድሮ። እናትህ ስልካቸውን ይዘው ጎረቤቱን በሙሉ አዳርሰውታል። አትክልት ሻጯ እንኳ አልቀረችም። አይታ አይታ «ወፍሯል» አለች፤ እውነቷን ነው። የሸሚዝህ አንገትጌ ሊያንቅህ ደርሷል፤ እኔም ትንሽ ቢያጠብቀው ብዬ ተመኘሁ።

ይህን ደብዳቤ በእጅህ የሰጠህ የደም ምርመራ ክፍሉ ረጅሙ ባልደረባችን ነው። ለስብሰባ አንተ ወዳለህበት ባሕር ማዶ እንደሚሄድ ስሰማ እግሩ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። ምን ላድርግ? ስልኬን ዘግተህብኛል። ኢሜይሌን ሳትከፍት እንደምትጥለው አውቃለሁ። ስለዚህ ከፊትህ የሚቆም ሰው ላክሁብህ። አንብበህ እስክትጨርስ ንቅንቅ እንዳይል ነግሬዋለሁ፤ እሱ ደግሞ ዝም ብሎ መቆም እንደማይከብደው ታውቃለህ። «በኋላ አነበዋለሁ» ብለህ ኪስህ ውስጥ ልትከተው ከሞከርክ ተቀብሎህ ጮክ ብሎ እንዲያነበው ፈቅጄለታለሁ። እነዚያ ባልደረቦችህ ቋንቋውን ባይሰሙም ድምፁን ይሰማሉ።

ነገሩን በአጭሩ ልንገርህና ንዴቴን በኋላ እመለስበታለሁ። እናትህ የፊታችን ሐሙስ ኦፕራሲዮን ክፍል መግባት አለባቸው። ሁለት ቀጠሮ አሳልፈዋል፤ ያሳለፉትም አንተ ስላልካቸው ነው። ይህ ሦስተኛው ነው። እሱም ካለፈ ሐኪሙ ሌላ ቀን ሊሰጠን ይችላል፤ የሚቆረጠው ነገር ግን ያን ጊዜ አንጀታቸው ውስጥ ብቻ ላይሆን ይችላል። ይህን ከአንተ በቀር ማንም ሊያስተካክለው አይችልም። እኔ ሞክሬ አልሆነልኝም። ሆኖልኝ ቢሆን ኖሮ ላንተ አንድ መስመር አልጽፍም ነበር።

የመጀመሪያው ቀጠሮ ዕለት ምን እንደሆነ ማንም አልነገረህምና እኔ ልንገርህ። ሐኪሙ ቢሮ ግድግዳ ላይ ትልቅ የአንጀት ሥዕል ተሰቅሏል። በእስክሪብቶው ጫፍ እየነካ «እናቴ፣ እባጩ እዚህች ጋ ነው» አላቸው። «ገና ከአንጀቱ ግድግዳ አልወጣም። አሁን ቆርጠን ካወጣነው ዕድልዎ በጣም ጥሩ ነው። ጉበት ላይ ከደረሰ ግን ያኔ የምናወራው ሌላ ወሬ ነው።» እማማ ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በጨዋነት ሰሙት። ሲጨርስ «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» አሉት። «ግን የኔ ልጅ መድኃኒት ሠርቷል።»

ሐኪሙ ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ አንጀቱ ሥዕል አየሁ።

«ምን ዓይነት መድኃኒት?»

«ዱቄት ነው። በሻይ ነው የምወስደው።»

«ማንን አዳነ?»

«አይጦችን።»

«እናቴ፣ እርስዎ እኮ አይጥ አይደሉም።»

«እሱንማ ልጄም ያውቃል» አሉትና ተነሱ። ኮሪደሩ ላይ ቀድመውኝ ይሄዱ ነበር፤ በኩራት፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው። እኔ ከኋላ ሆኜ የቀሚሳቸውን ወገብ አየሁት። ከመውጣታችን በፊት በመርፌ ቁልፍ ሰብስቤላቸው ነበር፤ አሁንም ይዞራቸዋል።

ከዚያ በፊት በነበረው እሑድ በስልክ ያልካቸውን ቃል በቃል ልጽፍልህ እችላለሁ። ድምፅ ማጉያው ላይ ነበርክ፤ እኔ ጓዳ ሩዝ እየለቀምኩ ነበር። «እማዬ፣ ለቢላዋ ምን አስቸኮለሽ? መጀመሪያ ዱቄቱን ጥቂት ወር ሞክሪው። ከዚያ ሐኪሙ ራሱ ምን ልቆርጥ መጣሁ ብሎ ግራ ይገባዋል።» ብለህም ሳቅህ። እሳቸውም ሳቁ። የምለቅመው ሩዝ ከእጄ ወደቀ። ሮጬ ሄጄ ስልኩን ነጠቅኳቸው፤ ድምፄን ስትሰማ መስመሩ ተቋረጠ። «ኔትወርክ ነው» አሉኝ እናትህ። ላንተ የማይፈጥሩልህ ሰበብ የለም።

እሺ፣ አሁን ወደ አይጦቹ። «ይህንን አውቀዋለሁ» ብለህ እንዳትዘል፤ ብታውቀው ኖሮ እዚህ አንደርስም ነበር።

ያን ጊዜ አይጦቻችን ከሁለት ቦታ ነበሩ። ግማሾቹ እዚሁ ክፍላችን የተወለዱ፣ ግማሾቹ አይጥ ከሚሸጥልን አርቢ ዘንድ ታሽገው የመጡ። ወንዶቹ እንግዳ ሲያዩ ስለሚናከሱ አልቀላቀልካቸውም። እንግዶቹን ላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ የቤቶቹን ታችኛው ላይ አደረግህ። እስከዚህ ድረስ ማንም አይወቅስህም። ካንሰር የሚያመጣውን መርፌ ሁሉንም ወጋሃቸው፤ ትልቁን አንጀት የሚያቆስለውን ደግሞ በመጠጥ ውሃቸው ሰጠሃቸው። ከዚያ ዱቄቱን ለላይኞቹ ብቻ ቀላቀልክላቸው። የላይኞቹ አንጀት ጥርት ብሎ፣ የታችኞቹ በእባጭ ተሞልቶ ሲገኝ ወንበር ላይ ወጥተህ እንደጨፈርክ ክፍሉ በሙሉ ይመሰክራል። እኔም ከሥር ሆኜ አጨበጨብኩልህ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በሰው ኮርቼ አላውቅም።

ግን አይጥ ኩስ ትበላለች። የራሷንም የጓደኛዋንም። አንድ ሳጥን ውስጥ የሚኖሩ አይጦች አንጀታቸው ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ትንሽ ቆይቶ የሁሉም አንድ ዓይነት ይሆናል። እንግዶቹ ከአርቢው ቤት ይዘውት የመጡት ባክቴሪያ የሚጠብቃቸው ዓይነት ነበር። ዱቄት ሰጠሃቸውም አልሰጠሃቸውም እንደ ታችኞቹ አያብጡም ነበር። አንተ ያወዳደርከው ዱቄት የበላውን ካልበላው ጋር መስሎሃል። ያወዳደርከው ከዚያ ቤት የመጣውን እዚህ ቤት ከተወለደው ጋር ነው።

ይህን ከሐሳቤ አመንጭቼ አይደለም የምነግርህ። ከሄድክ በኋላ ሌሎች ሞክረውት አልሆንላቸው ሲል እኔ ራሴ ደገምኩት። እንዲያውም እውነትህን ነው ብዬ አፋቸውን ላስይዝልህ ነበር የደገምኩት፤ ሞኝነቴን እይልኝ። የሁሉም አንጀት አንድ ዓይነት እንዲሆን በየሳምንቱ ከየሳጥኑ የቆሸሸ ሰጋቱራ እየዘገንኩ፣ በባልዲ ቀላቅዬ መልሼ አዳረስኩላቸው። ጄኔራልን ታስታውሰዋለህ፣ አይጦቹን እንደ ወታደር እየጮኸ የሚያሰልፈውን የእንስሳት ጠባቂያችንን። በባልዲው ፊት እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ «ዶክተር፣ እኔን የቀጠራችሁኝ ቆሻሻ ላጸዳ ነው ወይስ ላከፋፍል?» አለኝ። ከዚያ ዱቄት የሚበሉትን ሳጥኖች በዕጣ ለየን። የትኞቹ እንደሆኑ እሱ ብቻ እንዲያውቅ፣ ለእኔም እንዳይነግረኝ አደረግሁ። ያ ወሬኛ አንድም ቀን አላመለጠውም።

ጊዜው ደርሶ አንጀቶቻቸውን አንድ በአንድ በርዝመታቸው ሰንጥቄ፣ ጠፍጣፋ አድርጌ ወረቀት ላይ ዘርግቼ አየኋቸው። እባጮቹን ቆጥሬ ስጨርስ ጄኔራል የትኛው የትኛው እንደሆነ ነገረኝ። ምንም ልዩነት የለም። የበላውም አብጧል፣ ያልበላውም አብጧል። ጠረጴዛው ጋ ተቀምጬ አለቀስኩ። ጄኔራል ደግሞ ለአይጦቹ ያዘንኩ መስሎት «አይዞሽ ዶክተር፣ አልተሰቃዩም» አለኝ። ያለቀስኩት ላንተ ነበር። ይህን ስላወቅህ ምንም አይለወጥም፤ ብቻ እወቀው።

ውጤቱን ከነሥዕሉ ላክሁልህ። በጨዋ ቃል፣ «አብረን እንየው» ብዬ። የመለስክልኝ አንድ መስመር ነበር፤ «ቅናት መጥፎ በሽታ ነው።»

ደሜ ፈላ፤ ግን ምላሴን ነክሼ ተውኩት። ለራሴ፣ ይሁን፣ እንግዲህ አይጥ ነው፣ አንድ ቀን ሌላ ሰው ያርመዋል አልኩ። እናትህ ደም አየሁ ብለው የነገሩኝ ከዚያ በኋላ ነው። አየህ? አንተ ውጤቴ እጅህ ላይ እያለ ነው ለገዛ እናትህ ዱቄቱን በቆርቆሮ አሽገህ፣ በገዛ እጅህ ጽሑፍ «ለእማዬ» ብለህ የላክኸው። ውጤቴን አላነበብከውም ልበል? ወይስ አንብበህ ያቀረበችው ሚስቴ ስለሆነች አይቆጠርም አልክ? የትኛው እንደሚብስ አላውቅም። ይህን ያህል ብጠላህም ግን አውቀህ ያደረግኸው አይመስለኝም። በዱቄቱ ታምናለህ። አለማመንህን ባውቅ ኖሮ ረጅሙን ሰውዬ በደብዳቤ ፋንታ በጡጫ ነበር የምልከው።

መሳሳትህ ነውር አልነበረም። አይጥ ያሳሳተው ሰው አንተ የመጀመሪያው አይደለህም፤ የመጨረሻውም አትሆንም። እኛ እኮ እዚህ የምንሠራው ሥራ ይኸው ነው፤ በአይጥ አንጀት ተሳስተን በሰው አንጀት እንዳንሳሳት። አንተ ግን የአይጡን ስህተት በሻይ በጥብጠህ ለእናትህ አጠጣሃቸው።

በየጠዋቱ ሲጠጡት አያቸዋለሁ። መስኮቱ አጠገብ ቆመው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጣዕሙ እስከ ትከሻቸው እየነዘራቸው። ብርጭቆውን አጥበው ገልብጠው ያስቀምጡትና «እሰይ» ይላሉ። ከዚያ ደረጃውን ለመውረድ የኔን ክንድ ይይዛሉ። ባለፈው ዓመት እኮ እኔን ቀድመው ነበር የሚወርዱት። ይህን ሁሉ በፎቶ አይልኩልህም። እሑድ እሑድ ስትደውል ጸጉራቸውን አበጥረው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ነው ስልኩን የሚያነሡት። አንተ ደግሞ መጀመሪያ የምትጠይቃቸው «ብቻሽን ነሽ?» ነው።

አሁን ልነግርህ የማይገባኝን ልነግርህ ነው።

ትናንት ከሰዓት በኋላ የታጠበ አንሶላ እያጠፍን ነበር፤ እሳቸው በአንዱ ጫፍ፣ እኔ በሌላው። ሐሙስን እያሰብኩ አላስቻለኝም። «እማማ» አልኳቸው፣ «ዱቄቱ አይሠራም። እኔ ራሴ ደግሜ አይቼዋለሁ። ልጅዎ ተሳስቷል።» ይጮሁብኛል፣ ከቤቴ ውጪ ይሉኛል ብዬ ነበር። አንሶላውን ወጠር አድርገው ያዙና «አውቃለሁ» አሉኝ።

«ምኑን?»

«እንደማይሠራ ነዋ። ሽንት ቤት የምትገቢው አንቺ ነሽ እንዴ? ደሙ እኮ ብሶበታል።»

«ታዲያ በየቀኑ ለምን ይጠጡታል?»

«ምን ላድርግ ልጄ? ሰዉ ሁሉ ያየኛል። ያ ሐኪም ያየኛል። የገዛ እናቱ መድኃኒቱን ትታ ኦፕራሲዮን ገባች ከተባለ ማን ሊያምነው ነው? እዚያ ብቻውን ነው። ከዚያ ሥራ ሌላ ምን አለው? እኔ ነኝ የማዋርደው?»

«ይሞታሉ እኮ!» ብዬ ጮህኩ። እውነቴን ነው የምልህ፣ እናትህ ላይ ጮህኩባቸው።

«ቀስ በይ፣ አንሶላው መሬት ነካ» አሉኝ።

አንስቼ አራገፍኩት፤ እንደገና አጠፍነው። ጫፉን ጫፋቸው ላይ ሳደርስ ፊታቸውን በቅርብ አየሁት። ፈርተዋል። የሚፈሩት ቢላዋውን እንዳይመስልህ፤ ሞትን ነው፣ እንደ ማንኛችንም። ፈርተውም ይጠጡታል። «ልንገረው?» ብላቸው እጄን ያዙ። «አንድ ቃል ብትተነፍሺ አልምርሽም። ልቡ ይሰበራል። ማይልኝ።» ማልኩላቸው። ይኸው መሐላዬን አፍርሼልሃለሁ፤ ኃጢአቱን አንተ ላይ ጽፌዋለሁ።

ግን አንድ ነገር ደግሜ ጠየቅኳቸው። «እሱ ራሱ ግቢ ቢልዎትስ?»

 «እሱ ካለኝማ እገባለሁ» አሉ። «ግን አይለኝም። ተሳሳትኩ ማለት ከልጅነቱ ጀምሮ ሞቱ ነው።» ይህንን ሲሉ ፈገግ ብለው ነበር፤ እንደ ቁም ነገር፣ እንደ ሙያ ቆጥረውልህ። እኔ ግን ያን ጊዜ አጠገቤ ብትኖር ምን እንደማደርግህ ፈጣሪ ያውቃል።

ስለዚህ ስማኝ። ረጅሙ ሰውዬ ፊት፣ አሁኑኑ ደውልላቸው፤ እሑድን አትጠብቅ። «እማዬ፣ ሐሙስ ግቢ። ዱቄቱን ተይው። እኔ ተሳስቻለሁ» በላቸው። ይኸው ነው። «ለማንኛውም» አትበል። «ሁለቱንም አብረሽ» አትበል፤ አንዲት ቀዳዳ ከተውክላቸው በዚያች ሾልከው ወደ ቆርቆሮው ይመለሳሉ። ስለ ባክቴሪያ አታስረዳቸው። እኔ አስገድጄህ እንደሆነ እንዳያውቁ ስሜን አታንሳ። ቃሉ ካንተ አፍ ብቻ ይውጣ።

እዚያ ላሉት አለቆችህ ምን እንደምትላቸው አያገባኝም። ዱቄቱን ለሰው መስጠት ከመጀመራቸው በፊት አንድ ነገር ብትላቸው ግን የሌላ ሰው እናትም ትተርፋለች። ለእኔ ይቅርታ አትጠይቀኝ፤ የማስቀምጥበት ቦታ የለኝም። ይወስደኛል ብላ በውስጤ ትጠብቅህ የነበረችው ሴትዮም ከዚህ ቤት ወጥታለች፤ ቁልፉን አስረክባኛለች። ጠላቴ ናት እያልክ የምታወራም ከሆነ ቀጥል፤ ነኝ። ጠላትህ ግን እናትህን ክንዳቸውን ይዛ ደረጃ ታወርዳለች፤ ሐሙስ ጠዋትም አንተ ከደወልክ በሩ ድረስ ይዛቸው ትገባለች፣ እስኪወጡም እዚያው ትቀመጣለች። ካልደወልክ ደግሞ የሚመጣውን ሁሉ ብቻዬን አየዋለሁ፤ አንተ ግን ያንን ቀን ለመላ ዕድሜህ ትሸከመዋለህ። አላራግፍልህም።

ፈጣሪ ልብ ይስጥህ። ጤናም ይስጥህ ለማለት እጄ እምቢ ብሎኝ ነበር፤ እናትህን ሳስብ ግን ጻፍኩት።

ለረጅሙ ሰውዬ ደብዳቤ እንደምሰጠው ዛሬ ጠዋት ነግሬያቸው ነበር። ምን እንደምጽፍ አያውቁም። በሩ ላይ በእግራቸው ጣት ብድግ ብለው የካፖርቴን አንገትጌ እያስተካከሉልኝ «የኔንም ሰላምታ ጻፊለት» አሉኝ። ያሉኝን አንድም ቃል ሳልጨምር ይኸው፦

«ዱቄቱ በጣም ተስማምቶኛል፣ ልጄ። ሕመሙም ለቆኛል። ክብደትም ጨምሬያለሁ። ስለ እኔ ምንም አታስብ።»

ምራታቸው